የደም ስቡ ከፍ ያለ ውሻ የሐሞት ከረጢት፦ ከምርመራ እስከ ክትትል ደረጃ በደረጃ

"የውሻችሁ የደም ስብ ከፍ ብሏል፤ ቅባት ቀንሱለት" ተብላችሁ ከሐኪም ተመልሳችኋል። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላል። የደም ምርመራው ውሻው በልቶ ይሠራል። ምግቡ ማሸጊያው ላይ ባለው የስብ መቶኛ ብቻ ይመረጣል። ውሻው ደህና ሲመስል ደግሞ ክትትሉ ይቀራል።

ሦስተኛው ስህተት ከሁሉም ይከፋል። የሐሞት ከረጢት ሲታመም ቶሎ አይናገርም። የደም ስባቸው ከፍ ያለ ውሾች ሐሞታቸው ሊወፍር፣ ከረጢቱም በደንብ መጨመቅ ሊያቅተው ይችላል። መጀመሪያ ዝቃጭ ይጠራቀማል። በአንዳንዶቹ ከረጢቱ ከቦታው በማይንቀሳቀስ ጄሊ መሰል ንፍጥ ይሞላል። ይህን ሐኪሞች ሙኮሲል ይሉታል። ቱቦውን ሊዘጋ፣ ከረጢቱንም ሊያፈነዳ ይችላል። እዚህ ደረጃ ደርሶም ምንም ምልክት የማያሳይ ውሻ አለ። ስለዚህ ምልክት እየጠበቃችሁ አትቀመጡ፤ በቀጠሮ ተመሩ።

የደም ስቡ የጨመረ ውሻ ሁሉ የሐሞት ከረጢት ሕመም ይይዘዋል ማለት አይደለም። ሽናውዘር (በተለይ ሚኒያቸሩ)፣ ሼትላንድ ሺፕዶግ፣ ኮከር ስፓኒየል፣ ቦርደር ቴሪየር ወይም ፖሜራኒያን ካላችሁ ግን ጠበቅ አድርጉት።

መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ፦ ድንገተኛ ነው ወይስ አይደለም?

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ መመሪያውን ተዉትና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

- የዓይኑ ነጭ ክፍል፣ ድዱ ወይም የጆሮው የውስጥ ቆዳ ቢጫ ሆኗል።
- ሽንቱ ጠቁሮ ብርቱካናማ ሆኗል፤ ወይም ሰገራው ነጣ ብሎ ግራጫ መስሏል።
- ደጋግሞ ያስመልሳል፣ ምግብም እምቢ ብሏል።
- ሆዱ ሲነካ ያቃስታል፤ ወይም የፊት እግሮቹን ዘርግቶ መቀመጫውን ወደ ላይ አንስቶ ይቆያል።
- ድንገት ዝሏል፣ ድዱ ገርጥቷል፣ ሆዱ ተነፍቷል። ይህኛው የመፈንዳት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለሰዓታት እንኳ አይቆይም።

ቢጫነቱን በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ እዩት። የአምፖል ብርሃን ያሳስታል። ሆዱን እየጫናችሁ "ያመዋል አያመውም" ብላችሁ አትሞክሩ። የሰው ማስታገሻ በፍጹም አትስጡ፤ አይቡፕሮፌን ለውሻ መርዝ ነው።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ወደ ሥራው እንግባ።

## ደረጃ 1፦ ደሙን በባዶ ሆድ አስመርምሩ

ውሻ ከበላ በኋላ የደሙ ስብ ለሰዓታት ከፍ ይላል። ይህ ጤናማ ነው። በልቶ የተሠራ ምርመራ ግን ምንም አያስረዳችሁም።

1. ቀጠሮውን ጠዋት ያዙ።
2. የመጨረሻውን ምግብ ማታ ስጡት፤ ከዚያ 12 ሰዓት ይጹም። ውሃ አትከልክሉት።
3. በነዚህ 12 ሰዓታት ማባበያ፣ የሚታኘክ አጥንት፣ በቅቤ የተጠቀለለ ክኒን፣ ሁሉም ክልክል ነው።
4. ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ፤ ለልጆች ደግሞ ደጋግማችሁ። የሌላ እንስሳ ምግብ ካለም ከወለል አንሱ። በተግባር ጾሙ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ኢንሱሊን የሚወስድ ውሻ፣ ቡችላ ወይም በጣም ትንሽ ውሻ ከሆነ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታስጹሙ። ስኳሩ አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል።

የሚታዘዘው ምርመራ ሁለቱ የደም ስቦች፣ ትራይግሊሰራይድና ኮሌስትሮል፣ ብቻ እንዳይሆን። የጉበትና የሐሞት መስመር ኤንዛይሞች (ኤኤልቲ፣ ኤኤልፒ፣ ጂጂቲ)፣ ቢሊሩቢን፣ ስኳርና የኩላሊት ምርመራ ይጨመር። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩም ይታይ።

ውጤቱን ስትቀበሉ "ናሙናው ነጭ ወተት መስሎ ነበር ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ስብ የበዛበት ደም የመሣሪያውን ንባብ ያዛባል፤ ቢሊሩቢንን ጨምሮ ሌሎች ቁጥሮችም ሊሳሳቱ ይችላሉ።

ቁጥሩን እንዴት ታነቡታላችሁ? መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። አንዳንዱ ላብራቶሪ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በሚሊሞል በሊትር ይጽፋል። የትራይግሊሰራይድ ሚሊግራሙን ለ88.5 ብታካፍሉት ሚሊሞሉን ታገኛላችሁ። በባዶ ሆድ 500 ሚሊግራም (5.65 ሚሊሞል ገደማ) ካለፈ ሕክምና የሚጀመርበት መጠን ነው። ከ1000 በላይ ከሆነ የቆሽት ብግነት ስጋቱ ስለሚጨምር አታዘግዩ። ከመደበኛው ትንሽ ብቻ ከፍ ካለ ደግሞ አትደናገጡ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና በባዶ ሆድ ይለካ።

ጠዋት ላይ የሆነ ነገር ከበላስ? ለሐኪሙ ንገሩና ቀጠሮውን አዛውሩ። ተደብቆ የተሠራ ምርመራ ውሻውን ላላስፈለገው መድኃኒት ይዳርገዋል።

## ደረጃ 2፦ ስቡን ማን እንዳመጣው ፈልጉ

በሚኒያቸር ሽናውዘር ችግሩ ብዙ ጊዜ በዘር የመጣ ነው። በሌሎች ውሾች ግን ከጀርባው ሌላ በሽታ መኖሩ የተለመደ ነው። እሱ ሳይታከም ምግብ ብቻ ብትቀይሩ ስቡ አይወርድም፤ እናንተም "ምግቡ አልሠራም" ትላላችሁ።

ሐኪሙ እነዚህን በስም እንዲያጣራ ጠይቁት፦ የታይሮይድ ማነስ፣ ኩሺንግ (ኮርቲሶል የሚበዛበት በሽታ)፣ የስኳር በሽታ፣ የቆሽት ብግነት፣ በኩላሊት ፕሮቲን መፍሰስ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት።

ውሻው ብዙ ውሃ የሚጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ ቦርጭ ያወጣና ፀጉሩ የሳሳ ከሆነ ኩሺንግን ቀድማችሁ አንሱ። ኩሺንግ ከሐሞት ከረጢት ሙኮሲል ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። የታይሮይድ ማነስም እንዲሁ ሙኮሲል ካለባቸው ውሾች ጋር አብሮ ይገኛል።

ታይሮይድ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በሌላ በሽታ የታመመ ውሻ ቲ4 የሚባለው ሆርሞኑ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ታይሮይዱ ግን ደህና ነው። በአንድ ዝቅተኛ የቲ4 ቁጥር ብቻ የዕድሜ ልክ ክኒን አይጀመርም። ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዝዘው ሆርሞን) እና ነፃው ቲ4 አብረው ይታዩ።

ውሻው የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ ጽፋችሁ ውሰዱ። ፕሬድኒሶሎንና ሌሎች ስቴሮይዶች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኖባርቢታልም የደም ስብን ከፍ ያደርጋሉ። የዓይንና የጆሮ ጠብታ፣ የቆዳ ቅባትም ስቴሮይድ ሊኖረው ስለሚችል ከዝርዝሩ አታስቀሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥፋተኛውን አገኘን ብላችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ስቴሮይድ በድንገት ሲቆም ውሻው ሊወድቅ ይችላል። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም ደግሞ የሚጥለው በሽታ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል።

## ደረጃ 3፦ የሐሞት ከረጢቱን በአልትራሳውንድ አሳዩ

የደም ምርመራ የከረጢቱን ውስጥ አያሳይም። ራጅም ለዚህ አይበቃም። ኤንዛይሞቹ ደህና ሆነው ሙኮሲል ያለበት ውሻ አለ፤ ኤኤልፒው በስቴሮይድ ብቻ የጨመረና ከረጢቱ ንጹሕ የሆነም አለ። የሚያየው አልትራሳውንድ ነው።

ለዚህም ሆዱ ባዶ ቢሆን ይመረጣል፤ ጋዙ ስለሚቀንስ ምስሉ ይጠራል። ከደም ምርመራው ጋር በአንድ ጠዋት ብታደርጉት ውሻው ሁለት ጊዜ አይጾምም።

ውጤቱ ሲነገራችሁ "ትንሽ ነገር አለ" በሚል መልስ አትመለሱ። እነዚህን ጠይቁና ጻፉ፦

1. ውሻው ሲገላበጥ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር ይንቀሳቀሳል ወይ?
2. የከረጢቱ ግድግዳ ወፍሯል?
3. የሐሞት ቱቦው ሰፍቷል?
4. በዙሪያው ፈሳሽ አለ?
5. ቆሽቱስ ታይቷል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ዋናው ነው። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዝቃጭ ነው። ዝቃጭ በዕድሜ የገፉ ውሾች ላይ በብዛት ይታያል፤ ብቻውን ሲሆን ለቀዶ ሕክምና አያጣድፍም። የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ በተለይ ምስሉ የተቆረጠ ኪዊ ፍሬ የሚመስል ከሆነ፣ ሙኮሲል ነው፤ ያኔ ደረጃ 8ን አሁኑኑ አንብቡ። ቱቦው ሰፍቷል ወይም በዙሪያው ፈሳሽ አለ ከተባለ ደግሞ ውሳኔው የዚያው ቀን ነው።

## ደረጃ 4፦ የምግቡን ስብ በትክክል አስሉ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማሸጊያው ላይ "ስብ 4 ከመቶ" የሚል እርጥብ ምግብ አይቶ፣ 8 ከመቶ ካለው ደረቅ ምግብ ይሻላል ብሎ ሲገዛ ነው። እርጥብ ምግብ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሻው ጠግቦ ለመዋል ከሱ ብዙ ይበላል፤ ስቡም አብሮ ይገባል።

ትክክለኛው መለኪያ በ1000 ኪሎ ካሎሪ ውስጥ ስንት ግራም ስብ አለ የሚለው ነው። አሠራሩ ይኸው፦

የስብ መቶኛ × 10,000 ÷ በአንድ ኪሎ ምግብ ያለው ኪሎ ካሎሪ

- ደረቁ፦ ስብ 8 ከመቶ፣ በኪሎ 3200 ኪሎ ካሎሪ። 8 × 10,000 ÷ 3200 = 25 ግራም።
- እርጥቡ፦ ስብ 4 ከመቶ፣ በኪሎ 1000 ኪሎ ካሎሪ። 4 × 10,000 ÷ 1000 = 40 ግራም።

"ቀላል" የመሰለው እርጥቡ በጣም የከበደ ሆኖ ተገኘ። የደም ስቡ ከፍ ላለ ውሻ ከ25 ግራም በታች የሆነ ምግብ ፈልጉ።

ካሎሪው ካልተጻፈስ? መጀመሪያ አምራቹን ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ገምቱ። ከ100 ላይ የፕሮቲኑን፣ የስቡን፣ የቃጫውን፣ የእርጥበቱንና የአመዱን መቶኛ ቀንሱ፤ የቀረው ካርቦሃይድሬት ነው። ከዚያ ፕሮቲኑን በ3.5፣ ስቡን በ8.5፣ ካርቦሃይድሬቱን በ3.5 አባዙ። ድምሩ በ100 ግራም ያለው ኪሎ ካሎሪ ነው። ለምሳሌ ፕሮቲን 24፣ ስብ 8፣ ቃጫ 4፣ እርጥበት 10፣ አመድ 7 ቢሆን ካርቦሃይድሬቱ 47 ይሆናል። ድምሩ 316.5፣ በኪሎ ሲሆን 3165 ኪሎ ካሎሪ።

አንድ ሌላ ነገር። ማሸጊያው ላይ ስቡ "ቢያንስ" ተብሎ ከተጻፈ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የምትመርጡት ምግብ ልክ 25 ላይ የቆመ ከሆነ አማካዩን ከአምራቹ ጠይቁ፤ ወይም ዝቅ ያለ ውሰዱ።

"ለክብደት መቀነሻ" ወይም "ለሆድ ሕመም" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይደለም። አንዳንዶቹ ስባቸው ከፍ ያለ ነው። አስሉት።

ቤት ውስጥ የተቀቀለ የዶሮ ደረት በሩዝ ለጥቂት ቀናት ይሄዳል። ለወራት ግን ካልሲየም፣ ቪታሚንና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ይጎድሉታል። ቤት ውስጥ ማብሰል ከፈለጋችሁ የእንስሳት አመጋገብ ባለሙያ ያዘጋጀው አሠራር ያስፈልጋችኋል።

## ደረጃ 5፦ መጠኑን ለኩና ቀስ ብላችሁ ቀይሩ

መጠኑ። ወፍራም ውሻ ከሆነ አሁን ያለውን ሳይሆን ሊኖረው የሚገባውን ክብደት ያዙ። 8 ኪሎ ነው እንበል። 8ን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዙ (8 × 8 × 8 = 512)። በካልኩሌተር ሥሩን ሁለት ጊዜ አውጡ፤ 4.76 ይመጣል። በ70 አባዙት፤ 333 ኪሎ ካሎሪ ገደማ። ክብደት ለመቀነስ በቀን ከዚህ መነሳት ይቻላል። በኪሎ 3200 ኪሎ ካሎሪ ካለው ምግብ 104 ግራም ማለት ነው። ክብደቱ ደህና የሆነ የተኮላሸ አዋቂ ውሻ ይህን በ1.4 እስከ 1.6 ያባዛል።

በኩባያ ሳይሆን በሚዛን ለኩ። ኩባያ በሰፋሪው እጅ ልክ ይለያያል።

በሳምንት ከክብደቱ 1 እስከ 2 ከመቶ መቀነስ ይበቃል። ከዚያ በላይ አታፍጥኑት።

ሽግግሩ። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ አሮጌውን እየቀነሳችሁ አዲሱን ጨምሩ። ተቅማጥ ከመጣ ወደ ቀደመው ድርሻ ተመልሳችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቆዩ።

አከፋፈሉ። የቀኑን ምግብ በሁለት ወይም በሦስት ክፈሉት። ከረጢቱ ሐሞቱን የሚያፈስሰው ምግብ ሲገባ ነው፤ ሆዱ ረጅም ሰዓት ባዶ ሲውል ሐሞቱም ይቆያል።

ስርቆቱ። እላይ ያሰባችሁትን ሁሉ የሚያፈርሰው ይህ ነው። በቀን 333 ኪሎ ካሎሪ የሚበላ ውሻ በ25 ግራም ስሌት የሚያገኘው ስብ 8 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 4 ግራም ተኩል ገደማ ስብ ይይዛል። ከግማሽ በላይ በአንድ ማንኪያ! ስለዚህ፦

- ክኒኑን በቅቤ፣ በአይብ ወይም በኦቾሎኒ ቅቤ አትጠቅልሉ። በራሱ ምግብ ወይም በትንሽ የተቀቀለ ካሮት ስጡት።
- ማባበያ ከቀኑ ካሎሪ 10 ከመቶ አይለፍ። ካሮት፣ ኪያር፣ ፎሶሊያ ይሄዳሉ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ወይን መርዝ ናቸው።
- እንግዳ ሲመጣ ለእንግዳውም ማባበያውን እናንተ ስጡት፤ ከገበታ ቆርሶ እንዳያጎርስ።

አልበላም ካለስ? ምግቡን ሞቅ አድርጉት፤ ወይም ስቡ ተገፍፎ የወጣለት፣ ጨውና ሽንኩርት የሌለው የሥጋ መረቅ ጠብ አድርጉበት። "ሲርበው ይበላል" የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። አንድ ቀን ሙሉ እምቢ ካለ ለሐኪሙ ደውሉ። የዚህ ዓይነት ውሻ ምግብ ሲተው መቅበጥ ላይሆን ይችላል።

## ደረጃ 6፦ መድኃኒት ከታዘዘ

ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ። ሐሞቱን ያቀጥናል፣ እንዲፈስም ያግዛል። የተለመደው መጠን በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። ከምግብ ጋር ስጡ። ቱቦው ከተዘጋ ግን አይሰጥም፤ ስለዚህ አልትራሳውንድ ሳይታይ ከሰው መድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትጀምሩ።

የዓሣ ዘይት። ትራይግሊሰራይድን ለማውረድ ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። መጠኑን ከሱ ውሰዱ። ዘይት ስለሆነ ካሎሪውና ስቡ ይቆጠር። የኮድ ጉበት ዘይት ሌላ ነገር ነው፤ ቪታሚን ኤና ዲ ስለሚበዛበት አትተኩት።

ፋይብሬት። የደም ስብ የሚያወርዱ መድኃኒቶች ናቸው። ቤዛፋይብሬትና ፌኖፋይብሬት የሚታሰቡት ምግቡ በትክክል ተሞክሮ ስቡ ካልወረደ ነው። የጉበት ኤንዛይም ክትትል ይፈልጋሉ።

## ደረጃ 7፦ ክትትል

አዲሱን ምግብ ሙሉ በሙሉ ከጀመረ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ በ12 ሰዓት ጾም ደሙ እንደገና ይለካ። ግቡ ትራይግሊሰራይድን ከ500 በታች ማድረግ ነው።

አልወረደም? መድኃኒት ከመጨመራችሁ በፊት በቅደም ተከተል ሂዱ። ጾሙ እውነተኛ ነበር? ማን ምን አጎረሰው? ስሌቱ ልክ ነው? ደረጃ 2 ላይ የተዘለለ በሽታ አለ? እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ወደ 20 ግራምና ከዚያ በታች ውረዱ፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ይነሳል።

ዝቃጭ ብቻ ላለው ውሻ አልትራሳውንዱ በየጥቂት ወሩ ይደገማል። ያለ ቀዶ ሕክምና ሙኮሲልን እየተከታተላችሁ ከሆነ ግን በየጥቂት ሳምንቱ ነው። ቀጣዩን ቀጠሮ ሳትይዙ ከክሊኒኩ አትውጡ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ መሮጡ ቀጠሮውን አይሰርዝም።

## ደረጃ 8፦ ሙኮሲል ነው ከተባለ

ሙኮሲል የተገኘበት ውሻ ባለቤት ብዙ ጊዜ "አሁን ደህና ነው፤ ለምን ይቀደዳል?" ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ቁጥሩን እዩ። በ2018 በታተመ ጥናት፣ ታቅዶ ከረጢታቸው ከወጣላቸው ውሾች የሞቱት 2 ከመቶ ሲሆኑ፣ ታመው በግድ ከተቀደዱት ግን 20 ከመቶ ናቸው። እኔ ብሆን ውሻው ደህና ሆኖ ሳለ እንዲወጣ እመርጣለሁ። ሌላ ከባድ በሽታ ካለበት፣ ለምሳሌ ያልተስተካከለ ኩሺንግ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ እሱን ማረጋጋት ሊፈልግ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት እነዚህን አንሱ፦

1. ሐኪሙ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ልምድ አለው? ሌሊት የሚከታተልስ አለ?
2. ቱቦው ክፍት መሆኑ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ይረጋገጣል?
3. ሐሞቱ ለባክቴሪያ ምርመራ፣ ከጉበቱም ትንሽ ናሙና ይላካል? ሁለቱ ከዚያ በኋላ ለሚሰጠው ሕክምና መመሪያ ናቸው።

ከወጣ በኋላ ውሻ ያለ ሐሞት ከረጢት መኖር ይችላል፤ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይፈስሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስመለስ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ ቢጫ መሆን ወይም የሆድ መነፋት ካያችሁ ቁስሉ እስኪድን አትጠብቁ፤ ወዲያው መልሳችሁ ውሰዱት። የደም ስቡ ግን ከከረጢቱ ጋር አይወጣም። ምግቡ በዚያው ይቀጥላል፤ የደም ምርመራውም።